ኦቦ ዋቅወያ እና ተከሳሹ

ነቀምቴ፣ ኦቦ ዋቅወያ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም፣ የጎረቤት ኩርፊያ ሦስት ቀን ሞልቶ አያውቅም። በሁለተኛው ቀን እኚህ ጡረተኛ መምህር ያኮረፈው ሰው በር ላይ ይገተራሉ። የማኅበሩ ሸምጋይ ናቸው። እርጥብ ሣር ይዘው ይመጡና «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ወንበር ቢቀርብ አይቀመጡም፣ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። «እሺ እስክትሉኝ ቆሜያለሁ» ነው መልሳቸው። ሽማግሌ ፊቱ አቁሞ ምሳ የሚወርድለት ማን ነው? የአዚዛ ልብስ ከላይ እየተንጠባጠበ የጋሽ ገብረወልድን በርበሬ ያበሰበሰ ጊዜ እንኳ ሁለቱም እሺ ያሉት በግማሽ ሰዓት ነው። ማን የት ያስጣ፣ ማን ምን ይካስ የሚለው ዝርዝር የሚነገረው ከእሺ በኋላ ብቻ ነበር። ኦቦ ዋቅወያ በዚህ ቀልድ አያውቁም።

ታዲያ ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ጉድ ፈላ። ሰማዩ ዝናቡን ሳያቋርጥ ያወርደዋል፣ ቧንቧው ግን ያፏጫል። ማኅበሩ ውሃ የሚያጠራቅም ሮቶ ይቁም አለ፤ ቦታውም በስብሰባ ተወሰነ፣ ከሕንጻው ጀርባ ያለችው ጥግ። እዚያች ጥግ ላይ ደግሞ የኦቦ ዋቅወያ አንጮቴ፣ ሥሯ የሚበላ ሐረግ፣ አለች። ከዲጋ፣ ከእናታቸው ጓሮ ያመጧት ናት። ሌሎቹን ሥሮች ለመስቀል ቆፍረው፣ ቀቅለው በቅቤ ይበሏቸዋል፤ እሷን ግን አይነኳትም። በየዓመቱ ዘር የምትሰጠው እሷ ናት። የእናታቸው ጓሮ ዛሬ አስፋልት ሆኗል። እሷ ከተነቀለች የዚያ ጓሮ ዘር አበቃለት።

«መሬቱ የጋራ ነው፣ ኦቦ» አለች ሜቲ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር።

«አንጮቴዋ ግን የጋራ አይደለችም!»

የማኅበሩ ደንብ ማንኛውም ጠብ መጀመሪያ ለሸምጋዩ በጽሑፍ ይቅረብ ይላል። ሜቲ ደግሞ ደንብ ስትወድ! «ተከሳሽ፦ ኦቦ ዋቅወያ» ብላ ክሷን ጽፋ ለሸምጋዩ አቀረበች። ኦቦ ዋቅወያ መነጽራቸውን ሰክተው አነበቡና ፈርመው ተቀበሉ።

«ተከሳሹን አነጋግሬ መልስ እሰጣለሁ» አሉ፣ ኮስተር ብለው።

ተከሳሹን ሦስት ቀን ሙሉ አነጋገሩት። በአራተኛው ቀን «ተከሳሹ ግትር ሰው ነው፤ ሽምግልናው አልተሳካም» ብለው ጻፉ። በስምንት ዓመት የሸምጋይነት ሥራቸው ያልተሳካላቸው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ጽፈው ሲጨርሱ አፈሩ።

በማግስቱ ምሳ ሊቀርብ ሲል በራቸው ተንኳኳ። ሜቲ፣ አዚዛና ጋሽ ገብረወልድ እርጥብ ሣር ይዘው ገቡ።

«ተቀመጡ እንጂ!»

«እሺ እስኪሉን ቆመናል» አለች ሜቲ።

«ወይ ጉድ! በገዛ ዱላዬ ልትመቱኝ!»

ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አልሸነፍም!» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ። ተመልሰው ሲዞሩ ዓይናቸው የጋሽ ገብረወልድ ጉልበት ላይ አረፈ፤ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ገብረወልድ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ጄሪካን ይዘው በየደረጃው ሲያርፉ ኦቦ ዋቅወያ ስንት ጊዜ አይተዋቸዋል፤ ሰላም ብለው አልፈዋል።

«ገብሬ፣ በሞቴ ተቀመጥ።»

«አንተ እሺ በልና እቀመጣለሁ። ጄሪካን የቻለ ጉልበት አንተን ቆሞ መጠበቅ አያቅተውም።»

ኦቦ ዋቅወያ ወንበር ስበው ከጋሽ ገብረወልድ ኋላ አስጠጉ።

«እሺ። ንቀሏት።»

ሦስቱም እፎይ ብለው ተቀመጡ። ሜቲ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ዘረጋች። የሮቶው ማቆሚያ ንድፍ ነው፤ አራት የብረት እግሮች፣ መሃላቸው ላይ በእርሳስ የተሳለች ትንሽ ክብ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«አንጮቴዎ ናት። ብረት ሠሪው እግሮቹን ከፈት እንዲያደርጋቸው ነግሬዋለሁ፤ ማንም አይነካትም። ሐረጓም በብረቱ ላይ ትወጣለች።»

«አንቺ ልጅ! ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ልቤን አቆምሽው እኮ!»

«ከእሺ በፊት ዝርዝር አይነገርም ያሉን እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

አዚዛ ሳቋን መያዝ አቃታት። ኦቦ ዋቅወያም ሳቁ፤ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሳቁ።

እንግዶቹ ምሳ በልተው ሲሄዱ የሽምግልና መዝገባቸውን ከፈቱ። «ተከሳሹ እሺ ብሏል» ብለው ጻፉ። ብዕሩን አስቀመጡት፣ መልሰው አነሱት። «ማካካሻ፦ ሮቶው ውሃ እስኪይዝ ድረስ የጋሽ ገብረወልድን ጄሪካን ተከሳሹ ወደ ፎቅ ያወጣል።»

በሸምጋዩ ቦታ ፈረሙ፣ በተከሳሹም ቦታ ፈረሙ፣ ከዚያ ጫማቸውን አጥልቀው ጄሪካኑን ፍለጋ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አመሩ።