የጡረታዬ ፍየሎች

በምሠራበት የእህል መጋዘን የጡረታ ቁጠባ ሲጀመር አልፈልግም ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ኦቦ በሚባል ገጠር ዘመዴ የሚያረባልኝ ፍየሎች ነበሩኝ። ለእኔ ጡረታ ማለት የሚግጥ፣ የሚወልድ፣ ጆሮው ላይ ምልክቴ ያለበት ነገር ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ከጆንያ ላይ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አንዴ ያወቅኩትን በቀላሉ አልለቅም።

ድርቁ መጣና ፍየሎቹን ጨረሰ። ከዘመዴ መንጋ ጋር ተቀላቅለው ነበር የሚኖሩት፤ የሚሞቱት ግን ሁልጊዜ የእኔዎቹ ነበሩ።

ያኔ ሃምሳን አልፌ ነበር። መምህር የሆነችው ትልቋ ልጄ ከቤቷ አንድ ክፍል ለይታ አዲስ አልጋ አስገባችበት።

«አባዬ፣ ሥራ ስታቆም እኛ ጋ ነህ» አለችኝ።

አመሰገንኳት፤ ልቤን ግን ከበደው። ቡቲዬ በሚባለው ሰፈር የራሴ ቤት አለኝ። ማርጀት የምፈልገው እዚያው ደጄ ላይ ተቀምጬ ነው። ሰው እስከቻለ ድረስ ልጁ ላይ መውደቅ የለበትም ብዬ ስሰብክ ኖሬ፣ እኔው ላፈርሰው ነው?

በዚያው ሰሞን ከጡረታ ድርጅቱ አንዲት ወጣት መጥታ እንደገና አስረዳችን። እጄን አወጣሁ።

«ገንዘቡን ማየት ይቻላል?»

«ስልክዎ ላይ ያዩታል፣ ምዜ» አለችኝ፣ እዚህ ሽማግሌ እንደሚጠራው።

«ስልኩን አላልኩም። ከሌላ ሰው ገንዘብ ጋር ይቀላቀላል ወይ?»

«ይቀላቀላል፣ አብሮ ነው የሚሠራው። ድርሻዎ ግን በስምዎ ይያዛል።»

«እሺ፣ ሲከስር የሚሞተው የማን ነው?»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። «ምዜ፣ የገንዘቡን ጆሮ በጥተው ይልቀቁት!» አለ አንዱ ጫኝ።

እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ረጋ ብላ መለሰችልኝ። «ከከሰረ ለሁሉም በየድርሻው ነው። የእርስዎን ብቻ መርጦ አይነካም።»

ዘመዴ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። እዚያው ተመዘገብኩ። እኔ ያዋጣሁትን ያህል አሠሪዬም ይጨምርልኛል፤ ያን ሁሉ ዓመት ይህን ገንዘብ ሳልወስደው ቀርቻለሁ።

«ዘግይቻለሁ። ከሌሎቹ በላይ ባዋጣስ?» አልኳት።

«እሰየው ነው።»

የመጨረሻው ልጄ በዚያ ዓመት ትምህርቱን ጨረሰ። ለክፍያው ይሄድ የነበረው ገንዘብ እጄ ሳይገባ በቀጥታ ከደመወዜ ወደ ጡረታው እንዲሄድ አደረግሁ። ቤታችን ልዩነቱን እንኳ አላወቀውም።

ሀብታም አልሆንኩም፤ በወጣትነቱ የጀመረ ሰው ከእኔ የተሻለ ያገኛል። ለዚህ ነው ጫኞቹን በእረፍት ሰዓት የምመክራቸው። «ስብከቱ ተጀመረ!» ይላሉ። ያ «ጆሮ በጥተው ይልቀቁት» ያለኝ ጫኝ ግን ተመዝግቧል።

ዘንድሮ ሥራ የማቆሚያዬ ጊዜ ደረሰ። በየወሩ የማገኘው ለአንድ ቁጥብ ሽማግሌ እንደሚበቃ ካረጋገጥኩ በኋላ ልጄ ቤት ሄድኩ።

«ክፍሉን ለልጆችሽ ስጪያቸው» አልኳት።

«ምነው አባዬ፣ ቅር ያለህ ነገር አለ?»

«የለም። አልጋውን ግን እወስደዋለሁ።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አልጋው በጋሪ ተጭኖ ወደ ቡቲዬ ሲጓዝ እኔ ቦዳ ቦዳ በምንለው የኪራይ ሞተር ከኋላው ተከተልኩ። ያለምክንያት የሞተር ጥሩምባ የሚነፋ ሰው አልወድም፤ ብዙ ሰው ገሥጬበታለሁ። በዚያ ቀን ግን ሞተረኛውን እስከ ደጄ ድረስ እንደ ሠርግ አጃቢ እንዲነፋ አዘዝኩት።