ሠላሳ አንድ ጥንብ አንሳ

ሀውራ ሐይቅ ከተማ ቤት የገዛች ሰሞን ሰፈሩ ያልሳቀባት ቀን አልነበረም። ሰው ዐረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት ለፍቶ ሲመለስ ፍሪጅ ያመጣል፣ ምንጣፍ ያመጣል፣ ቢቸግር ቢቸግር ሽቶ ያመጣል። እሷ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከች አለች፤ ያውም ወፍ ልታይበት! ጅዳ ታስታምማቸው የነበሩት አሮጊት ሰገነት ላይ ተቀምጠው ወፍ ማየት ይወዱ ነበር። ዐይናቸው ሲደክም ሀውራ እያየች ትነግራቸው ጀመር። ሴትዮዋ ሲሞቱ ልጆቻቸው መነጽሩን ሰጥተው ሸኟት፤ ሱሱም አብሯት መጣ፣ ምን ታድርግ።

የተወለደችው አምባሰል ነው፤ ከሐይቅ ሆነው ወደ ሰሜን ሲያዩ ከሚታየው ጋራ ወገብ ላይ፣ አንድ እፍኝ ቤት ካለባት ቀዬ። ለውጡ በመጣ በዓመቱ ተመልሳ ታናሽ ወንድሟ አብዱልመናን ቤት ከረመች። በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ደግሞ ጓሮው ትልቅ ሾላ ያለበትን ይህን ቤት ገዝታ ወረደች። ሱብሒ ሰግዳ ጓሮ ትወጣለች፣ ለወፎቹ በሰሃን ውሃ ታኖራለች፣ ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው የእግር መንገድ ሐይቁን ይዛ ትሄዳለች። ዳክዬውን፣ ዋኔውን፣ ዓሣ በሉን አሞራ እየቆጠረች ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ጎረቤቷ እማማ ተሻለች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ ዛሬስ ስንት ሆኑ፣ ግብር ልትጥይባቸው ነው ወይ እያሉ ያበሽቋታል። ውለው አድረው ግን እሳቸውም ያላወቁት ወፍ ሾላው ላይ ሲያርፍ በአጥሩ ላይ ጮኸው የሚጠሯት ሆኑ።

አብዱልመናን አንድ ዕዳ ነበረበት፤ የሰው ሳይሆን የአላህ። እሷ ዐረብ አገር ሳለች ሁለት ዓመት ድምጿ ጠፍቶ ነበር፤ ያን ጊዜ፣ እህቴ በሰላም ከተመለሰችልኝ በሬ አርጄ ሰደቃ አወጣለሁ ብሎ ተሳለ። ይኸው ተመለሰች። በሬው ግን አልታረደም። መጀመሪያ ገና ጥጃ ነው አለ፤ ቀጥሎ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ትንሽ ይወፍር አለ። ሀውራ፣ ስለት እንዲህ አይከርምም እያለች ትነዘንዘዋለች። እሱ ቀልደኛ ነው፤ ቀንዱ የተጣመመውን ዳለቻ በሬ እየዳበሰ እንዲህ አላት፦

«አንቺ በከሲታ በሬ የምትለወጪ ነሽ እንዴ? ያረድኩ ቀን ደግሞ ስልክ አልደውልልሽም። የአገሩ ጥንብ አንሳ በላያችን ሲዞር በዚያ መነጽርሽ ታይና ትመጫለሽ።»

ከት ብላ ሳቀች። እንዲያ ተባብለው ተለያዩ።

ጥቅምት ሁለት ሺህ አሥራ አራት ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ ሐይቅ ገባ። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ግማሽ ወደ ደሴ ሸሸ፤ እማማ ተሻለች እግራቸው እምቢ አላቸው፣ ሀውራ ደግሞ እሳቸውን ጥሎ መሄድ እምቢ አላት። የመጀመሪያው ከባድ መሣሪያ የጮኸ ዕለት የሐይቁ ዳክዬ ባንድ ጊዜ ተነሥቶ ሄደ፤ ሀውራ በድንጋጤ ጓሮዋ ውስጥ ቁጭ አለች። መነጽሩን ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበረችው፤ በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ የተገኘ ሰው ወፍ ሳይ ነበር ቢል ማን ያምነዋል? ግን አላስቻላትም። መንገዱ ጭር ባለ ቁጥር አውጥታ፣ ሾላው ግንድ ሥር በሆዷ ተኝታ ጋራውን ታያለች። የምትፈልገው ወፍ አልነበረም፤ የወንድሟን ነገር ነው። አለ ወይስ የለም? ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ባንዱ ጁሙዓ ረፋድ ላይ አየቻቸው። ከቀዬው በላይ ጥንብ አንሳዎች ይዞራሉ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይተካል። ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ። እልል እንዳትል ፈርታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። በአጥሩ ቀዳዳ እማማ ተሻለችን ጠርታ፣ አብዱልመናን በሬውን አረደ፣ ወንድሜ ደኅና ነው አለቻቸው። እሳቸው አማተቡና፣ ሰው በዚህ መሐል በሬ ያርዳል ወይ ሲሉ ጠየቁ። ሀውራ ተቆጣች፤ እንዲያውም ስለት የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው፣ አላህ የሚለመነው መች ሊሆን ኖሯል ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ሴትዮዋም ደስታዋን ላለማጥፋት አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ሀውራ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እህልም ቀመሰች።

ታኅሣሥ ላይ መንገድ ሲከፈት ስኳርና ተምር ቋጥራ፣ ለወንድሟ ሚስት ለኢንሳፍ ሻሽ ይዛ በእግሯ ወጣች። መነጽሩና ደብተሩ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። ቆጥሬህ ነበር ብላ ልታሳየው፣ ቋንጣ ያላስቀረላት እንደሆነም ልትጣላው መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳ ሄደች።

ግቢው ስትደርስ ዳለቻው በሬ በረት ደጃፍ ታስሮ ገለባ ያላምጣል።

ሌላ ገዝቶ ይሆን አለች በልቧ። ቀረብ ብላ አየችው፤ ያ ቀንዱ የተጣመመው ራሱ ነው። ኢንሳፍ ወገቧን በነጠላ አስራ ከቤት ወጣችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

አብዱልመናን በሬውን የስለት ነው፣ ማንም አይበላውም ብሎ ገደል ውስጥ ደብቆት ነበር። ቤቱን ሊዘጋ ሲመለስ ሜዳው ላይ ተመታ፤ ከእሱ ጋር ሌሎች አምስት የቀዬው ሰዎች ወደቁ። ኢንሳፍ ይህን ሁሉ ስትነግራት ሀውራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«መቼ ነው?»

«ሐሙስ ማታ ወደቀ፣ እትዬ። ጁሙዓ ተኩሱ መቅረቢያ ነሥቶን ዋለ። የቀበርነው ቅዳሜ ነው።»

ሀውራ አላለቀሰችም። በሬውን እያየች መሬት ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ ደብተሩን መክፈት አላስፈለጋትም፣ በእጇ የጻፈችውን ታውቀዋለች፦ ጁሙዓ፣ ሠላሳ አንድ ጥንብ አንሳ፣ አልሐምዱሊላህ።