የአራቱ ቋሚዎች በረኛ

እስቲ ይኼን ስሙኝና ፍረዱኝ። የማስታምማቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ሲያርፉ ሥራም የሚያጫውተኝ ሰውም አጥቼ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ያለውን ቤቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የጓደኛዬ ልጅ ዳዊት፣ "ጋሼ፣ የአውስትራሊያ ፉትቦል ቡድናችን ሰው ጎድሎበታል፤ ይምጡልን" አለኝ። ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ግን ሄድኩ።

ኦስቲያ አጠገብ ካለው ሜዳ ስንደርስ አምበሉ "የት ትጫወታለህ?" አለኝ።

"በረኛ ነኛ!" አልኩት በኩራት። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ኳስ አላሳልፍም ነበር።

አምበሉ ዳዊትን አየው፤ ዳዊት መሬት መሬቱን አየ።

"አሎራ... ቫ ቤኔ" አለ አምበሉ፤ እንግዲህ... ይሁን ማለቱ ነው።

ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ቋሚዎቹ አራት ናቸው፤ አግዳሚ የሚባል ነገር የላቸውም። እኔም ጓንቴን አጥልቄ በአራቱ መሀል ስሯሯጥ ሲዝኑን ጨረስኩ። ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ከጭንቅላቴ በላይ እየበረረ ያልፋል፤ አንዷን በያዝኩ ቁጥር ግን ልጆቹ ሮጠው መጥተው ያቅፉኛል። ከሰኞ ጀምሮ እሁድን መናፈቅ ለመደብኝ። ከቤት ያወጡኝ እነሱ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው።

በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ከተጋጣሚያችን አንድ አዲስ ልጅ በጣቱ እያሳየኝ፣ "ይኼ ጨዋታ እኮ በረኛ የለውም! ባለጓንቱ ሰውዬ ምን ይሠራል?" ብሎ ጮኸ።

ክው አልኩ። ዞር ብዬ ዳዊትን አየሁት።

"ይሉኝታ ይዞኝ ነው ያልነገርኩዎት፣ ጋሼ" አለኝ።

አምበላችን ግን ልጁን ትከሻውን ያዝ አደረገውና "እኛ በረኛ አለን" አለው።