የቶባው ፍሪጅ በረመዳን

ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡10፣ ሰቶ ሰመሮ

አይሱዙው በራችን ላይ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል። የሌሊቱን ሱሑር በልቼ ስላልተኛሁ አላስጠበቅኩትም። ሾፌሩ ጋሽ ታደለ ሁዳዴ ይዟል፣ እኔ ረመዳን።

"አንቺ ውሃ አትጠጪ፣ እኔ ሥጋ አልበላ። ጥሩ ሻጮች ነን" አለኝ ገና በሩን ስከፍት።

የጫንነው ለስላሳ፣ ጁስና ቺፕስ ነው። ማሸጊያውና ስሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም የአንድ የውጭ ኩባንያ ነው። እኔ የምሠራው ጂማ ካለው አከፋፋይ ጋር ነው። ሁለት ወር ተኩል ሆነኝ፣ ሦስቱ ወር ሙከራ ነው።

ሥራዬ በየሱቁ ዕቃ ማድረስና የኩባንያውን ፍሪጅ ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። ፍሪጁ ለባለሱቅ በነፃ ይሰጣል። ከኩባንያው መጠጥ ሌላ ግን ምንም አይገባበትም፣ ውሉ እንደዚያ ይላል። ዛሬ አንድ ነገር ተጨምሮብኛል። "ቶባ ያለችው ሴትዮ ፍሪጃችንን ጓዳ አድርጋዋለች። ነቅለሽ አምጪው፣ ያለሱ እንዳትመጪ" ብሎኛል ኃላፊዬ ሱራፌል።

1፡00፣ የጂማ መርካቶ

ሃያ ካርቶን ቺፕስ ጨመርን። የእህል ጋሪዎች መንገዱን ዘግተዋል። አንድ ባጃጅ የጎን መስታወታችንን ገጭቶ "ይቅርታ ፋዘር" ብሎ ሄደ። ጋሽ ታደለ ሊሳደብ አፉን ከፈተና ጾሙ ትዝ ሲለው ዘጋው።

2፡20፣ የቡ

ባለሱቁ ወጣት ነው። ፍሪጁ ንጹሕ፣ ጠርሙሶቹ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዙረው ተሰልፈዋል። ፎቶ አነሳሁ። ቺፕሱም ለስላሳውም የአንድ ባለቤት መሆኑን ስነግረው አላመነኝም።

"ተፎካካሪ መስለውኝ እኮ ጎን ለጎን አላስቀምጣቸውም ነበር" አለ።

"ጎን ለጎን አድርጋቸው። አንዱ ጨው ነው፣ ሌላው ስኳር። ያኛው ያስጠማል፣ ይሄኛው ይሸጣል።"

ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም፣ ሥልጠና ላይ የነገሩን ይህንኑ ነው።

4፡30፣ አጋሮ

የቡና አበባ ወጥቷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ ነው፣ ሽታው ጋቢና ውስጥ ይገባል። ከተማው ውስጥ ግን አቧራ፣ የጆንያ ክምርና ሙቀት። ጂማ ሠላሳ ብር የሆነው ትንሹ ቺፕስ እዚህ ሠላሳ አምስት ነው። ቀን የሚበላ ሰው የለም፣ ሁሉም ለማታ ይገዛል። ስምንት ሱቅ አደረስን። ምላሴ ደርቋል፣ ቀኑን ሙሉ ውርጭ ያዘለ ጠርሙስ ፎቶ ማንሳት ደግሞ አያግዝም።

7፡15፣ ቶባ

የእትዬ ዘይነባ ሱቅ የቆርቆሮ በረንዳ አለው። የኛ የለስላሳ ሳጥኖች ከቤት ውጭ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ፍሪጁን ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ የምንጭ ውሃ፣ ሦስት ጆግ የአቮካዶ ጁስ፣ አንድ ቅል ወተት። በየጠርሙሱ አንገት ላይ የክር ቁራጭ ታስሯል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ።

"ክሩ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"የየቤቱ ነው ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ቀዩ የከዲጃ፣ ቢጫው የመምህሩ ቤት። ለፉጡር ነው፣ ማታ ለማፍጠሪያ። ረመዳን በገባ ቁጥር እንዲህ ነን።"

"ውሉ ላይ ፈርመዋል እኮ።"

"ፈረምኩ። መብራቱን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ይሄንንስ የት ጻፋችሁት? ደግሞ ማታ ውሃውን ሊወስድ የመጣ ሁሉ ከናንተ ያንን ጥቁሩን ወይ ብርቱካኑን ሳይዝ አይሄድም። እዪ ሳጥኑን፣ ባዶ ነው።"

እውነታቸውን ነው፣ ከአስር ሳጥን ዘጠኙ ባዶ ነበር። ግን ተልኬያለሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ሞተሩ ዝም ሲል ከየቤቱ ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ።

ፍሪጁን ለመጫን አራት ሰው ያስፈልጋል። ከሱቁ ፊት አምስት ወንዶች ቆመዋል። እገዛ ጠየቅኳቸው።

"ጾም ላይ ነን እህቴ። ጉልበት የለም" አለ ረጅሙ።

እንዲህ ካለኝ በኋላ አንድ ጆንያ ቡና ትከሻው ላይ አድርጎ መንገዱን ተሻገረ። የቀሩት አራቱም ተከተሉት፣ እያንዳንዱ ከነጆንያው።

ጋሽ ታደለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "አጋሮ ተመልሰን ሁለት ተሸካሚ እንቅጠር። ደርሶ መልስ ብዙም አይፈጅም፣ ሥራሽ ይሻልሻል።"

ልክ ነው፣ ይቻል ነበር። ግን ሰቶ ሰመሮ ቤታችን ፍሪጅ የለም፣ እኔም የማፈጥርበትን ውሃ ጎረቤት ቤት ነው የማስቀምጠው። ጠርሙሶቹ ማላብ ጀምረዋል።

"አይ" አልኩትና ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ።

ቅጹ ላይ "የሌላ ድርጅት ምርት አለ?" ለሚለው "የለም" ብዬ ሞላሁ። ፎቶውን ከነክሩ አነሳሁት። አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ "የሰፈሩ ውሃ ነው። ሽያጩ አልቀነሰም። አልነቀልኩትም" ብዬ ላክሁ። እትዬ ዘይነባ እንዲያነቡት አልጠየቅኩም፣ ራሳቸው መነጽር አድርገው ስልኬን ተቀበሉኝና ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ አስራ ሁለት ሳጥን አዘዙ።

11፡20፣ ጂማ

ሱራፌል መጋዘኑ በር ላይ ይጠብቀኛል። ባዶውን የመኪና ጀርባ አየና እኔን አየ።

"ሥራ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?"

"እፈልጋለሁ።"

"ሙከራሽ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ሰኞ ራስሽ ሄደሽ ታመጪዋለሽ። ካላመጣሽ የኩባንያውን ቲሸርት መልሺ።"

ዒዱ ዓርብ ነው፣ ጨረቃ ካልታየች ቅዳሜ። ሰኞ ረመዳን አልቆ የነዚያ ጠርሙሶች ክር ሁሉ ተፈትቷል ማለት ነው። ይህን ሳሰላ ቅር አላለኝም። አፍጥሬ ስጨርስ ለእትዬ ዘይነባ ደወልኩላቸው። ከበስተጀርባቸው የሰው ድምፅና የሳህን ድምፅ አለ።

"እስከ ሰኞ አለዎት። ሰኞ ግን መጥቼ እወስደዋለሁ። እኔንም ሊያባርሩኝ ነው፣ እውነቴን ነው።"

"ነይ ልጄ፣ ነይ። ግን ሰኞ ከዒድ በኋላ ያለውን የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ጀምረን የለ?" አሉኝ። "ወንዶቹ ጉልበት ከየት ያመጣሉ?"