የእንቅልፋሞቹ ሾፌር

ባሌ ሙሀመድዘይን በሚነዳው ቫን ውስጥ ሁሉም ሰው ይተኛል። ኩላሊታቸው የደከመባቸውን ሰዎች በከተማችን ዙሪያ ካሉት ከፓይን ሌክ፣ ከኖርክሮስ፣ አንዳንዴም ከሎረንስቪል ድረስ ፒክ አፕ አድርጎ ወደ ዳያሊሲስ ይወስዳል፤ ደማቸው ታጥቦ ሲያልቅ ደግሞ ወደየቤታቸው ይመልሳል። ሲመለሱ አቅም የላቸውም፤ ገና ከፓርኪንግ ሎቱ ሳይወጡ አንገታቸው ዘንበል ይላል። እሱ ታዲያ ሬዲዮውን ያጠፋል፣ ጉድጓድ ያለበትን መንገድ ይዞራል፣ ፍሬን እንኳ የሚይዘው በቀስታ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብሬው ሄጄ ነበር። የጥዶቹ ጥላ በመስኮት እየገባ በተኙት ፊት ላይ ያልፋል፣ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ወላሂ እኔም ተኛሁ። ቤታችን በር ላይ ሲቀሰቅሰኝ የት አገር እንዳለሁ ጠፍቶኝ ነበር።

ከነዚህ ሰዎች መካከል በእንቅልፍ ልባቸው የሚያወሩ አሉ። ነቅተውም ቢሆን፣ ለልጆቻቸው የማይሉትን ለሾፌሩ ጀርባ የሚናገሩ አሉ። እሱ ግን አንዲት ቃል ወደ ቤት አያመጣም። «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ስለው «መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር» ይለኛል፣ በቃ። እኔ ጀዋሂር ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም። እንዲህ ያለ ባል ለእንደኔ ዓይነቷ ሴት የተላከ ቅጣት ነው።

ከልጃችን ከሁዳ ግን ሁሉንም መስማት ይፈልጋል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲያመጣት ማን እንደገፋት፣ መምህሯ ምን እንዳለች፣ ምሳዋን ለማን እንዳካፈለች አንድ በአንድ ትነግረዋለች። አድጋም አልተወችም። ማታ ኪችን ውስጥ ትቀመጣለች፣ እሱ ብርቱካን ይልጥላታል፣ እሷ ውሎዋን ትዘረግፍለታለች። እኔ ከጎን ሆኜ የተረፈውን ወሬ እለቅማለሁ። ሰውየው በዚህች ሰዓት ነው የሚኖረው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁዳ የሕክምና ትምህርት ቤት ስትገባ ደስታችንን አትጠይቁኝ። ሲጀምሩ ነጭ የሐኪም ካፖርት የሚለብሱበት ሥነ ሥርዓት አለ፤ በሷ ትምህርት ቤት የሚያለብሰው ከቤተሰብ አንድ ሰው ነው፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ቆመው መሐላ ይገባሉ። ሁዳ የመረጠችው አባቷን ነው። ሱፉን አውጥቶ በየቀኑ ይሞክረው ጀመር።

ታዲያ ስለሺ የሚባል ጓደኛ አለው፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው። እሱ «የሐኪም መሐላ እኮ በግሪክ ጣዖቶች ስም ነው» ብሎት ሄደ። ሙሀመድዘይን በስልኩ ፈልጎ አገኘው፤ እውነትም ጥንታዊው መሐላ «በአፖሎ፣ በአስክሊፒዮስ እምላለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሱፉ ወደ ቁም ሳጥን ተመለሰ። ከአላህ ሌላ በማንም መማል ሽርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው፣ ልጄ ስትምል ቆሜ አላይም አለ።

ሁዳ ለማስረዳት ያልሞከረችው ነገር የለም። ያ የድሮ ነው፣ ዛሬ ማንም የአፖሎን ስም አይጠራም፣ የምንምለው በክብራችን ነው አለችው። የጥንት ሙስሊም ሐኪሞችም መሐላውን ከግሪኮች ተቀብለው መጀመሪያው ላይ የሕይወትና የሞት ጌታ የሆነውን የአላህን ስም አስገብተዋል አለችው። ግሪኮቹ በሽተኞችን በቤተ ጣዖታቸው ውስጥ እያስተኙ መፍትሔውን በሕልም ይጠብቁ እንደነበር ስትነግረው ብቻ ፈገግ አለ። እንደኔ ቫን ነዋ፣ አላት። «ግን መሠረቱ ጣዖት ነው፣ አልመጣም።»

«ኦኬ አባ፣ ኢትስ ፋይን» አለችና ተነስታ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ ኪችን ውስጥ መቀመጥ ተወች። ውሎሽ እንዴት ነበር ሲላት «ፋይን» ትለዋለች፣ እሱ ብርቱካኑን ልጦ ለብቻው ይበላል። እኔ ከሁለቱ ግትሮች መሃል ሆኜ አንጀቴ አረረ። ያለሱ ብትሄድ ካፖርቷን የማታውቀው ሰው ሊያለብሳት ነው።

አሁን የምነግራችሁን የሰማሁት ከሣራ ነው፣ አውሪው ብላ ፈቅዳልኝ። ከባሌ ከሰማሁ ምላሴ ይቆረጥ።

ጋሽ አምባዬ የሣራ አባት ናቸው፣ ፓይን ሌክ የሚኖሩ፣ የሙሀመድዘይን የዘወትር ተሳፋሪ። አንድ ቀን ሌሎቹ ተኝተው ሳለ «ሙሀመድዘይን፣ በቃኝ። ይሄን ደም ማጠቢያ ማሽን ላቆመው ነው፤ የመጣው ይምጣ። ለሣራ እኔው እስክነግራት ከአፍህ እንዳይወጣ» አሉት። እሺ አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ይላል እሱ ሁልጊዜ።

ሣራ ግን አባቷ ልብሳቸውን ለሰው ማደል ሲጀምሩ ጠረጠረች። ቤታችን መጥታ በር ላይ ቆማ «አባዬ የነገረህ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው። እሱ «እሳቸውን ጠይቂያቸው» ከማለት ሌላ አልተነፈሰም። ለመነችው፣ አለቀሰች፣ አንተ ሰው አይደለህም ብላው ሄደች። እኔም የቀረውን ስድብ ጨመርኩለት። ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ ግን ያቺ ሴት በሬ ላይ አልቅሳ ሄዳለች። ሙሀመድዘይን እራቱን ሳይነካ ተነሳ።

በማግስቱ ሁዳ ውሃ ልትቀዳ ኪችን ስትገባ አስቆማት። ስም አልጠራም። አንድ በሽተኛ አንድ ነገር ቢነግርሽ፣ ልጁ ደግሞ እያለቀሰች ብትጠይቅሽ ምን ታደርጊያለሽ አላት። ሁዳ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ «‹በሕክምና ጊዜ ካየሁትና ከሰማሁት፣ ሊወራ የማይገባውን በዝምታ እጠብቃለሁ›» አለችው።

«ይሄን ማን አለ?»

«እነዚያው የአንተ ግሪኮች። ከአፖሎ በታች የተጻፈ ነው።»

ብርቱካኑን ሳይልጠው አስቀምጦ ወጣ።

በዚያው ሳምንት በሽተኞቹን እየጠበቀ፣ ቫኑን ከጥድ ሥር ፓርክ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው። ሕልሙን ነግሮኛል፤ ሕልም የራሱ ስለሆነ ይነግረኛል። አንድ ነጭ የድንጋይ ሰው መሃለኛው ወንበር ላይ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል አለኝ። አድራሻህ የት ነው ቢለው ጠፍቶኛል አለው። ቫኑ ይሄዳል፣ መንገዱ ላይ ሌላ መኪና የለም፣ ጥዶቹ አብረው ይሄዳሉ። የድንጋዩ ሰው ጎንበስ ብሎ ሽማግሌው ምን አሉህ ብሎ ጠየቀው። አልነግርህም። ለእኔም? ለአንተም። ያን ጊዜ የድንጋዩ ሰው እፎይ ብሎ እንደ ሌሎቹ ተኛ። በመስታወት ሲያየው ወንበሩ ላይ የታሰረው ቀበቶ ብቻ ነበር።

የነቃው ጋሽ አምባዬ መስኮቱን ሲያንኳኩ ነው። ሌሎቹን አድርሶ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ «ጋሽ አምባዬ፣ ልጅዎ ቤቴ በር ላይ አለቀሰች። አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። ግን ከበደኝ፤ እርስዎ ይንገሯት» አላቸው። ፓይን ሌክ ደረሱ። ሲወርዱ፣ እስክነግራት ደጅ ቆይልኝ አሉት። ቆየ። የሣራ ለቅሶ ከውስጥ ተሰማ፣ ከዚያ ጋብ አለ፣ ከዚያ ሁለቱም ሲያወሩ ይሰማው ጀመር። ያኔ መኪናውን አስነሳ።

ጋሽ አምባዬ ብዙ አልቆዩም፤ በቤታቸው፣ እጃቸው በሣራ እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ለቅሶ ስንደርስ ሣራ ተነስታ ባሌን አቀፈችው። ለእኔም በኋላ ሁሉን አጫወተችኝ። «ያን ቀን በልቤ ረግሜዋለሁ። እሱ ነግሮኝ ቢሆን ግን አባዬ አይኔን እያየ የነገረኝን ያንን ከሰዓት አላገኘውም ነበር» አለችኝ።

የሥነ ሥርዓቱ ጠዋት ሙሀመድዘይን ሱፉን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘነው። እመጣለሁ አላለም፤ ሁዳም አልጠየቀችውም፣ ክራባቱን ብቻ አስተካከለችለት። ስሟ ሲጠራ ካፖርቱን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። እጅጌው ጠፍቶት ሲፈልግ ቆየ። ካለበሳት በኋላ በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አላት። መሐላውን አንገቱን አስግጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጠ፤ የማንም ጣዖት ስም አልተጠራም።

ስንመለስ ሁዳ ከነካፖርቷ ቫኑ ውስጥ ተኛች። ቤት ገብተን አባትሽ ምን አለሽ ብዬ ነዘነዝኳት። «‹ከዛሬ ጀምሮ የሰው የሆነውን ለእኔም እንዳትነግሪኝ› አለኝ» አለችኝ።

ከበሽተኛ ጋር መጀመሪያ በዋለችበት ቀን ማታ ዓይኗ ቀልቶ መጣች፤ ኪችን ገብታ የድሮ ቦታዋ ተቀመጠች። እኔ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሙሀመድዘይን በዓይኑ አስቆመኝ። ብርቱካኑን ልጦ ጨረሰ።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አላት።

«ተዘጋግቶ ነበር፣ አባ።»

ብርቱካኑን ገምሶ ሰጣት።