መድፍ ተኳሹ ዙልፎ እና ባዶው ግድግዳ

አጎቴ ዙልፎ የሥጋ አጎቴ አይደለም። ከተማው ሁሉ አጎቴ ነው የሚለው። የእንጨት ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ሠራ፣ ከዚያ ጡረታ ወጣ፣ ሚስቱ ሞተች፣ ጉልበቱ ታመመ። የቀረው አንድ ሥራ ቢኖር በረመዷን ማታ ማታ ኮረብታው ላይ ወጥቶ የማፍጠሪያውን መድፍ መተኮስ ነው። አዛን አለ፣ የመስጊዱ መብራት አለ፣ ስልክም በየኪሱ አለ። የእኛ ሰው ግን መድፉ ካልጮኸ ማንኪያ አያነሳም።

የሚተኩስበት ግንብ የቱርኮች ዘመን ነው። አንድ የድንበር አዛዥ ነው አሉ ያሠራው፣ ወንዙንም መንገዱንም ከላይ እንዲያይ። ሦስት ማማ ነበረው። አንዱ ድሮ ወድቋል። ሁለተኛውን አፍርሰው የጨረሱት የእኛው አያቶች ናቸው፣ ድንጋዩን እያወረዱ ቤትና በረት ሠሩበት። በኋላ ኦስትሪያዎች መጥተው ወታደር አሳደሩበት፣ እነሱ ሲሄዱ ጣሪያውን የሚጠግን ጠፋ። የተረፈው ከከተማው በላይ ያለው ማማ ነው፣ መድፉም እዚያ ነው። ግድግዳው የሰው ቁመት ያህል ውፍረት አለው፣ ግን ሁሉም ድንጋይ አይደለም። ኖራውን ከፍየል ጸጉር ጋር አቡክተው፣ በድንጋዩ መሃል ባሉጥ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ ረጃጅም እንጨት አጋድመው ቀብረዋል። መሬት ሲንቀጠቀጥ እንጨቱ ግንቡን እንደ ቀበቶ ይይዘዋል።

ከማማው ሥር የእህቱ የሸምሳ ቤት አለ። ያን ዓመት ረመዷን በሙቀት ወራት ስለዋለ ቀኑ አያልቅም ነበር። አንድ ጠዋት ሸምሳ እንቁላል የምታክል ድንጋይ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጓሮዬ፣ ቃሪያው መሃል ነው ያገኘኋት። ትናንት ከተኮስክ በኋላ።»

«ድመትሽ ትሆናለች የጣለቻት።»

«ድመቴ አይጥ መያዝ ያቃታት፣ ድንጋይ ልትሸከም?»

«ታዲያ ልጆች ወርውረዋት ይሆናላ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ መዋሸት እንኳን አልቻልክበትም» አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

ዙልፎ የማማውን ግድግዳ ስንጥቅ ያውቀው ነበር። መድፉ ከቆመበት ወለል በታች ይጀምራል። ኖራ ለጥፎበት ነበር፤ በተኮሰ ቁጥር ኖራው መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ቢናገር ማማው ይዘጋል። መድፉ ሌላ ቦታ ቢወርድ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር አይሰማውም። መድፍ ከሌለ እሱ ጉልበቱን የሚያመው ጡረተኛ ነው፣ ሌላ ምንም። ስለዚህ ዝም አለ፣ ኖራውንም ደጋግሞ ለጠፈ።

የዚያን ቀን ግን ድንጋይዋ አላስቀመጠችውም። ማታ ቀደም ብሎ ወጣ፣ በየመሃሉ እየተቀመጠ፣ ውሃ ጠምቶት። ከስንጥቁ አጠገብ አንድ ቀዳዳ አገኘ፣ ድሮ የእንጨቱ ጫፍ የነበረበት ነው። እጁን አስገባ። ክንዱ እስከ ትከሻው ገባ፣ እንጨት ግን አልነካም። የነካው አቧራ ብቻ ነው። ቀበቶው በስብሶ አልቋል።

ቢሆንም መድፉን አጎረሰው፤ እጁ ለምዶታል። ወደ ታች ሲያይ ሸምሳ ግቢዋ ውስጥ ሾርባ እየቀዳች ነበር፣ የልጅ ልጆቿ ዳቦ እየቆነጠሩ። ጠረጴዛው ልክ ከማማው ሥር ነው። የመስጊዱ መብራት በራ። ዙልፎ ክብሪቱን ኪሱ ከተተው።

እኛ ቤት አባቴ ማንኪያውን ይዞ ወደ ኮረብታው ያዳምጣል።

«ምን ነካው ዛሬ?» አለ።

«ሞቶ እንዳይሆን» አለች እናቴ።

«እሱ ሳይተኩስ አይሞትም። ትንሽ እንጠብቅ።»

ዙልፎ በዚያ ጉልበቱ እየወረደ ነበር። ሸምሳ ግቢ ሲደርስ እነሱም አልበሉም።

«ባሩዱ ረጠበብህ እንዴ? ሾርባው በረደ እኮ» አለችው።

«ባሩዱ ደህና ነው። ግድግዳው ነው ባዶ የሆነው፣ ክንዴን ሙሉ ዋጠው።»

ሸምሳ ቀና ብላ ማማውን አየች። የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዘች። እሱ ሌላውን ያዘ። ሾርባው እየፈሰሰ መንገዱ ዳር አወጡትና እዚያ አፈጠሩ። ይሄን ያየ ጎረቤት ለሁሉም አወራ።

በማግስቱ ዙልፎ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ተናገረ። ማማውን አጠሩት፣ ቁልፉን ተቀበሉት፣ እናስጠግነዋለን አሉ። ሸምሳ ልጇ ቤት ገባች፤ እዚያ ይጠባታል፣ ግን ሳትሰጋ ትተኛለች።

ማማው እስካሁን አልወደቀም። ቡና ቤት ዙልፎ ሲገባ አንዱ ይነሳበታል።

«አጎቴ ዙልፎ፣ ማማህ ዛሬም ቆሟል።»

«ይቁም።»

«በከንቱ ነዋ መድፋችንን ያስከለከልከን። ዘንድሮ ማን ይተኩስልን?»

«ስልክህ ይተኩስልህ» ይላል፣ ጉልበቱን ዘርግቶ። ክርክር የለውም፣ ደክሞታል።

እውነቱን ለመናገር እኛም ቶሎ ነው የለመድነው። አሁን የመስጊዱ መብራት ሲበራ እንበላለን። ይሄን ለእሱ የነገረው ሰው የለም፤ ግን ማታ ማታ በየደጁ ሲያልፍ ስንበላ ያያል።