ለመኩሪያ በቁሙ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ለሚ ኩራ ውስጥ፣ ነፋሱ ከነዋሪው ቀድሞ ቁልፍ በተረከበበት አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት፣ ከወለተማርያም እጅ ሳያልፍ መቃብር የወረደ ሰው የለም። ገዳይ ሆና አይደለም፤ የእድሩ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ስለሆነች ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስታረቅቅ ኖራለች። የእድሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ ገና የቤት ዕቃዋን ከመኪና አውርዳ ሳትጨርስ ሟች አስረከቧት። ቀብር ላይ ቆማ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ብላ ስትጀምር ሟቹ በሳጥኑ ውስጥ ክራቫቱን ያስተካክላል የሚሉ አሉ።

በእሷ ብዕር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ሲካሰስ የኖረው «ለመብታቸው ጠንቃቃ ነበሩ» ይባላል። ደረጃ ላይ ሰላምታ ነፍጎ ያረጀው «ዝምተኛና ጨዋ»፣ በየምሽቱ ተደግፎ ይገባ የነበረው ደግሞ «ተጫዋችና ሰው ወዳድ» ሆኖ ይቀበራል። ሕዝቡም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ግን ደንብ ነው፤ ቀብር ላይ እውነት ለሚያወራ ሰው ንፍሮ አይቀርብለትም።

በዚሁ ሞያዋ እንደተከበረች ትኖር ነበር፣ ጎረቤቷ ዘርፌ ባሏን ባትቀብር ኖሮ። ያን ቀን ወለተማርያም አንብባ ስትጨርስ ዘርፌ እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ይህን ሁሉ አንድ ቀን አልነገርኩትም እኮ» አለቻት። «ሲሰማኝ በነበረ ጊዜ የምነግረው ‹በሩን ዝጋ› ነበር። ነጋ ጠባ በሩን ዝጋ።»

ወለተማርያም ቤቷ ስትገባ ባሏ መኩሪያ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ካልሲውን እያወለቀ ነበር። መኩሪያ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። መሪውን ካስረከበ ወዲህ እንኳ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ለእሱ መጨረሻ የነገረችው ነገር ምን እንደሆነ አሰበች። «ካልሲህን አንሳ» ነበር። ከዚያ በፊትም እሱው ነበር።

ያኔ ቁርጥ አደረገች። ስለ መኩሪያ የምትለውን መኩሪያ በገዛ ጆሮው ይሰማዋል። ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሳይሆን ሶፋው ላይ ሆኖ።

ችግሩ ግን፣ በሕይወት ስላለ ሰው መጻፍ አትችልበትም። ስለዚህ የቅዳሜዎቹን ጸሐፊዎች ፍለጋ ወጣች።

እነዚህ ሰዎች ጉርድ ሾላ ካለ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ናቸው። በአንድ አንድ ማኪያቶ የኒቅያን ጉባኤ የሚያክል ስብሰባ ያካሂዳሉ፤ አስተናጋጇ ተስፋ ቆርጣ እነሱንም ከጠረጴዛዎቹ ጋር አብራ ትወለውላለች። መሪያቸው ዳናይት ትባላለች። በአዘቦት ቀን ቦሌ አንድ ሆቴል እንግዳ ስትቀበል ትውልና ቅዳሜ ደግሞ ብዕር የፈሩ ሰዎችን ትቀበላለች።

ሥራዋ ቀላል አይደለም። የእሷን ሰዎች ማበረታታት ራሱ ፈተና ነው። «ጎበዝ» ከተባሉ ወዲያው «ውዳሴ ከንቱ ነው» ብለው ወረቀታቸውን ቦርሳ ውስጥ ይቀብራሉ፤ ዳግመኛም አያወጡትም። አንዲቷ «ድንቅ ነው» ተብላ ለንስሐ አባቷ ተናዛለች ይባላል። ዳናይት መላ ዘየደች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ «ጎበዝ» የሚባል ቃል የለም። የሚባለው «ቀጥል» ብቻ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቀጥል» ይሉሃል። ለመኩራት አይበቃም፣ ለማቆምም አይፈቅድም።

በየሳምንቱ ደግሞ የቤት ሥራ ትሰጣለች። «ከቅዳሴ በኋላ ጫማህን ስትፈልግ ያሰብከውን ጻፍ» ትላለች። «ለጸሎት ቆመሽ ሐሳብሽ የት እንደሄደና ምን ገዝቶ እንደተመለሰ ጻፊ» ትላለች። «ይቅር ያላልከውን ሰው እጆች ብቻ ጻፍ፤ ፊቱን ተወው።» ቀልደኛ ትመስላለች እንጂ ጨካኝ ናት። ዓምደሚካኤል የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ነበራቸው፤ ምን ቢታዘዝ በስመ ሥላሴ ጀምሮ፣ ቅዱሳኑን በየተራ ጠርቶ፣ መላእክቱን በየስማቸው አመስግኖ፣ ወደ ጉዳዩ ሊገባ ሲል ወረቀቱ ያልቅበታል።

«ዓምደሚካኤል» አለችው አንድ ቀን፣ «ሁሉንም ጠርተሃቸዋል። መጥተው ተቀምጠዋል። አሁን አንድ ነገር ንገራቸው።»

ወለተማርያም ተራዋ ደርሶ ስለ መኩሪያ የጻፈችውን ስታነብ ሁሉም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንዳንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ዳናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«እትዬ ወለተማርያም፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። መቼ ነው ያረፉት?»

«ማን? መኩሪያ?» አለች ወለተማርያም። «ቤት ነው። ኳስ እያየ ነው።»

የዓምደሚካኤል ማኪያቶ በአፍንጫው ሊወጣ ነበር። ዳናይት ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው።

«‹ሰው አክባሪ፣ ታጋሽ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ ለተቸገረ ደራሽ።› እትዬ፣ ይሄ እኮ የሁሉም ሰው ባል ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። ቀባሪው ሁሉ የማያውቀውን፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን። ለሚቀጥለው ቅዳሜ። ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ መጀመሪያ ለእሳቸው ያነቡላቸዋል።»

«ፊቱ ቆሜ?»

«ፊታቸው ቆመው።»

ሳምንቱን ሙሉ ታገለች። ብዕሩን ስታነሳ እጇ እንደ ለመደ የጋሪ ፈረስ በራሱ ወደ መቃብር ይነዳታል። መኩሪያን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ለመጻፍም ሞከረች።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» አላት።

«ዝም በል፤ እየጻፍኩህ ነው።»

«ምን አደረግኩ?»

ሐሙስ ዕለት ከሰዓት ሙግቱ ሰለቻት። ግማሽ የደረሰውን ጽሑፍ፣ እንዲያው ከየት ላይ እንደሚበላሽ ዳናይት ትይልኝ ብላ፣ ለቅዳሜዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላከችው። ማለቴ፣ የላከች መሰላት። መነጽሯ ኩሽና ነበር። ከቅዳሜዎቹ ግሩፕ በላይ ተደርድሮ የሚታየው ደግሞ የእድሩ ነው። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ሰርክ ጸሎት ሄደች።

እድርተኛው ስልኩን ከፈተ። «አቶ መኩሪያ ከአባታቸው ከአቶ…» ይላል። በዚያ ግሩፕ ላይ ወለተማርያም እንዲህ ብላ ጀምራ ያልተቀበረ ሰው ስለሌለ የተጠራጠረ አልነበረም። ጽሑፉ «ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» ላይ ተቋርጧል። ሞቱ የሚል ቃል የለበትም። «እንባ አቋርጧት ነው» ተባለ። «የገዛ ባሏን ራሷ ጻፈችው፤ ምን ዓይነት ብርቱ ሴት ናት» ተባለ። ደውሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፤ ሐዘንተኛ በስልክ አይጠየቅማ። ነፋስ ከሰው በላይ በሚፈጥንበት ሳይት ሐዘን ከሁሉ ይፈጥናል፤ ንፍሮው ከድንኳኑ ቀድሞ ተጣደ።

ወለተማርያም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከብሎኳ ፊት ድንኳን ሲተከል አየች። ማን ይሆን አለች፤ የለመደችው የሕይወት ታሪክ የመጀመሪያ መስመር በአእምሮዋ ተሰለፈ። ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ ወደ እሷ ሲሮጡ አየች። ወደ ሌላ ሰው አይደለም። ወደ እሷ። ዘርፌ ከፊት ነበረች፤ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ወለተማርያም፣ የኔ እናት፣ መኩሪያን» አለች፤ ሌላውን ልቅሶው ዋጠው።

መሬቱ ላይ ዘጭ አለች። ወጥታ ስትሄድ ሰላም ነበር፤ ሽንኩርት ልግዛ ብሏት ነበር። እሷስ ምን አለችው? «ኮትህን አትርሳ» አለችው። በዚያች ቅጽበት ያልመጣላት ጸሎት የለም፤ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የመጣላት ግን አንድ ነገር ነበር፦ አልነገርኩትም፣ ቅዳሜ ልነግረው ነበር፣ አልነገርኩትም።

ከድንኳኑ ጀርባ መዶሻ ይመታል። ቀና አለች። በመጨረሻው ጥግ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የድንኳኑን ካስማ እየቀጠቀጠ ያለው ሰው ጀርባ የምታውቀው ጀርባ ነው። ሽንኩርቱ አጠገቡ መሬት ላይ ነበር። መኩሪያ ሱቅ ውሎ ሲመለስ ድንኳን ከመኪና ሲወርድ አይቶ፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ አግዛለሁ ኋላ እጠይቃለሁ ብሎ ነው ገመድ የያዘው። ካስማ የሚመቱት ከሩቅ ብሎክ የመጡ ናቸው፤ ሟቹን በመልክ አያውቁትም።

መኩሪያም ወለተማርያምን አያት፤ መዶሻውን እንደያዘ መጣ።

«ወለቴ፣ ማነው የሞተው? የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ምን ሆነሽ ነው መሬት የተቀመጥሽው?»

የሴቶቹ ልቅሶ እንደ ተነቀለ ሶኬት ጸጥ አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተስፉ ከሕዝቡ መሐል ወጡ፤ መኩሪያን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«መኩሪያ፣ አንተ ነህ» አሉ።

«እኔማ እኔ ነኝ።»

«የሞትከው ማለቴ ነው።» ስልካቸውን አውጥተው አሳዩት።

መኩሪያ ጽሑፉን ከዓይኑ አርቆ ይዞ አነበበው። «‹ሰው አክባሪ።› ዛሬ ጠዋት ጥበቃውን ሰድቤዋለሁ» አለ። ቀጠለ፤ «‹የተጣላ አስታራቂ።› ወለቴ፣ ይሄ ስለማን ነው?»

ሳቁ ሲፈነዳ የቦሌ አውሮፕላኖች ማረፊያ ጠፋብን ብለው ተመልሰዋል ቢባል አይጋነንም። የሳቁም ያለቀሱም ወንበር ፈለጉ። ጋሽ ተስፉ ግን ደንብ አዋቂ ናቸው።

«ድንኳኑ ወጥቷል፣ ንፍሮው በስሏል፣ ሕዝቡ ተሰብስቧል» አሉ። «እድራችን ተሰብስቦ የሕይወት ታሪክ ሳይሰማ ተበትኖ አያውቅም። ወይዘሮ ወለተማርያም፣ ያንብቡልን።»

በቀልድ ነው ያሉት። እሷ ግን ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። መኩሪያን ከፊት ወንበር አስቀመጠችው። ጋሽ ተስፉ ስልኩን ዘረጉላት፤ አልተቀበለችም።

«የዓይን ሞራ ተገፍፎልኝ ዓይኔ ታስሮ የከረምኩ ጊዜ» ብላ ጀመረች፣ «ጠዋት ጠዋት ዳዊት ያነብልኝ ነበር። ይሄ ሰው ከመንገድ ምልክት በቀር ሲያነብ አይቼው አላውቅም። ከባድ ቃል ሲገጥመው ተሳፋሪ እንደሌለበት ፌርማታ ዘሎት ያልፋል። መስመሩ ጭራሽ ሲጠፋበት ደግሞ ‹ወዘተ› ይል ነበር። በዳዊት ላይ።»

ሰው ሳቀ። መኩሪያ አልሳቀም፤ ጆሮው ቀላ።

«እኔ ዳዊቱን በቃሌ ነው የማውቀው» አለች። «የዘለለውን በልቤ እሞላለት ነበር። አላረምኩትም። ጨለማው ብሶብኝ፣ ዓይኔ ዳግመኛ አይበራም ብዬ ነበር። ሌሊትና ቀኑ አንድ ሆኖብኝ ነበር። ታዲያ እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማና ‹ነጋ› እላለሁ። እግዚአብሔር የኔን የጠራውን ሳይሆን የሱን የተንገዳገደውን ንባብ ነው የሰማው እላለሁ። ይህን ነው ልነግረው የፈለግኩት። ሌላው የተጻፈው እንዳለ ይሁን።»

መኩሪያ ወንበሩ ላይ እግሩ ፍሬን ፈለገ፤ አጣ።

«ስዘል ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታቆማለህ ብዬ።»

ዘርፌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እዚህም እዚያም አፍንጫ ይጠረግ ጀመር፤ ያ ድንኳን ከተሰፋ ወዲህ በቁሙ ለሚሰማ ሰው ሲለቀስበት የመጀመሪያው ነው። መኩሪያ የሚያደርገው ቢቸግረው ከቀረበለት ንፍሮ አንድ እፍኝ ዘግኖ ቀመሰና «ጨው ይጎድለዋል» አለ። ማንም ደፍሮ አልተከራከረውም፤ የሟች አስተያየት ነውና።

ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ወለተማርያም ወረቀትና እስክሪብቶ ለምና የድንኳኑ መሐል ተቀመጠች። የተናገረችው ከአፏ ሳይቀዘቅዝ መጻፍ ጀመረች። መኩሪያ ሽንኩርቱን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«ወለቴ፣ ‹ወዘተ›ዋን ግን አትጽፊያትም አይደል?»

«እጽፋታለሁ።»

«ቅዳሜ ሰው ፊት ልታነቢያት?»

«ሰው ፊት። አንተም ትመጣለህ።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ።»

ወንበር የሚሰበስቡት መጡ። ዙሪያዋን ያለውን ሁሉ አንስተው እሷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እማማ፣ ወንበሩን» አለ አንዱ።

«ሳልጨርስ አልነሳም» አለች ቀና ሳትል።

ሰዎቹ ተያዩ፤ ጋሽ ተስፉን አዩ። ጋሽ ተስፉ በእጃቸው ተዉአት አሉ። ካስማው ተነቀለ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ሸራው በራሷ ላይ ተጎትቶ ወረደ። መኩሪያ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስድባት ጥጉን በመዳፉ ያዘላት። እሷ መስመሩን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ወረደች።